ራስ አሉላ አባ ነጋ

ሰው የሚመዘነው በተወለደበት ቤት ሳይሆን በሠራው ሥራ መሆኑን ከሚያስረዱ የታሪክ ሰዎች አንዱ ራስ አሉላ እንግዳ ናቸው። በፈረስ ስማቸው አባ ነጋ ይባላሉ። እኚህ ሰው የገበሬ ልጅ ሆነው ተወልደው፣ በሎሌነት አድገው፣ በጉብዝናቸውና በታማኝነታቸው ከደረጃ ወደ ደረጃ እየወጡ ራስ ለመባል በቅተዋል። ከዚያም በኋላ የአገሪቱ የባሕር በር ጠባቂ ሆነው ከግብፅ፣ ከሱዳን ደርቡሾችና ከኢጣሊያ ጦር ጋር ተዋግተዋል። ይሁን እንጂ ሕይወታቸው የድል ታሪክ ብቻ አይደለም። ድል የተገኘበት ምድር በሌላ ምክንያት ከእጅ ሲወጣ ማየትም ደርሶባቸዋል። ስለዚህ የራስ አሉላን ሕይወት የሚያነብ ሰው ስለ ጀግንነት የሚማረውን ያህል፣ ጀግንነት ብቻውን ምን ሊያደርግ እንደማይችልም ይማራል።

ራስ አሉላ የተወለዱት በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በትግራይ፣ በተምቤን፣ መነዌ በተባለች መንደር ነው። አባታቸው እንግዳ ቁቢ የታወቀ ዘር ወይም ሰፊ ርስት ያልነበራቸው ገበሬ ነበሩ። በዚያ ዘመን ሹመት አብዛኛውን ጊዜ የመኳንንት ልጆች ድርሻ ስለነበረ፣ ከገበሬ ቤት የተወለደ ልጅ ትልቅ ደረጃ ላይ ይደርሳል ተብሎ አይጠበቅም ነበር። ስለ ልጅነታቸው ግን እስከ ዛሬ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። አንድ ቀን አሉላ ከእኩዮቻቸው ጋር ሲጫወቱ፣ እንጀራ በመሶብ ተሸክመው ወደ ሰርግ ቤት የሚሄዱ ሰዎች በመንገድ ሲያልፉ ያያሉ። ልጆቹን አስከትለው መንገዱን ይዘጉና ወዴት እንደሚሄዱ ይጠይቋቸዋል። ሰዎቹም በልጁ ድፍረት ተገርመው፣ ወደ ራስ አሉላ ወልደ ቁቢ ግቢ መሄዳቸው እንደሆነ በፌዝ ይመልሱላቸዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመንደሩ ልጆች ራስ አሉላ እያሉ ይጠሯቸው ጀመር ይባላል። በፌዝ የተሰጠው ማዕረግ ከብዙ ዓመታት በኋላ እውነተኛ ሆነ።

አሉላ በወጣትነታቸው በመጀመሪያ የገቡት ከራስ አርአያ ድምፁ ቤት ነው። ራስ አርአያ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው የነገሡት የካሣ ምርጫ አጎት ነበሩ። ወጣቱ አሉላ በንቃታቸውና በታዛዥነታቸው ስለታወቁ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ካሣ ቤት ተዛውረው እልፍኝ አስከልካይ ሆኑ። የእልፍኝ አስከልካይ ሥራ ከጌታው በር ላይ ቆሞ የሚገባውንና የማይገባውን መለየት፣ ባለጉዳዩን ማስገባት፣ ጠላትን መከልከል ነው። ይህ ሥራ ዓይንን የሚያነቃ፣ ሰውን በፊቱ ገጽ እንዲያውቁት የሚያስተምር ነበር። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ካሣ ምርጫ ከዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ጋር በአድዋ አጠገብ፣ አሰም ላይ ሲዋጉ አሉላም ከተዋጊዎቹ መካከል ነበሩ። በዚያ ጦርነት ያሳዩት ጉብዝና ስማቸውን ከፍ አደረገው። ካሣም ድል አድርገው በ1864 ዓ.ም. በአክሱም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ።

አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ዙፋናቸውን ከያዙ ብዙም ሳይቆይ ከውጭ ጠላት ጋር ተፋጠጡ። የግብፁ ገዥ ከዲቭ እስማኤል መላውን የዓባይ ሸለቆና የቀይ ባሕርን ዳርቻ ለመጠቅለል ይመኝ ነበር። ጦሩም በአውሮፓና በአሜሪካ መኮንኖች የሚመራ፣ አዲስ መሣሪያ የታጠቀ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ጦር በኅዳር 1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይ፣ ከአራት ወር ያህል በኋላ ደግሞ ጉራዕ ላይ ክፉኛ ተመታ። አሉላ በሁለቱም ጦርነቶች ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ዘምተዋል። በተለይም ያለ እረፍት በፍጥነት በመጓዝና ጠላትን ባላሰበው በኩል በመክበብ ችሎታቸው ተደነቁ። ከዚህ በኋላ በ1869 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የራስነት ማዕረግ ሰጥተው የመረብ ምላሽን ግዛት፣ ማለትም ከመረብ ወንዝ ወዲያ ያለውንና ዛሬ በኤርትራ ውስጥ የሚገኘውን ደጋ አገር ሾሟቸው። በዚያን ጊዜ የትግራይ መኳንንት የገበሬ ልጅ ከእነርሱ በላይ ሲሾም ማየት ከብዷቸው እንደነበረ ይነገራል። ራስ አሉላ ግን በኋላ የራስ አርአያን ልጅ ወይዘሮ አምለሱን በማግባት ከንጉሡ ቤተሰብ ጋር ተሳሰሩ።

የመረብ ምላሽ ሹመት ከሌሎች ሹመቶች ሁሉ የከበደ ነበር። ምክንያቱም ይህ አገር የኢትዮጵያ የሰሜን በር ነበር። ምፅዋ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል በቱርኮች፣ ከዚያም በግብፆች እጅ ቆይታለች። የአገሪቱ ንግድ ግን ከጥንት ጀምሮ ከዚያ ወደብ ጋር የተያያዘ ነበር። ለምሳሌ ያህል የዛሬዋ የጅማ ከተማ ባለችበት አካባቢ ይቆም ከነበረው ከሂርማታ ገበያ የሚነሡ ነጋዴዎች ቡናውን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ዝባዱንና ሌላውንም ሸቀጥ በአጋሰስ ጭነው ዓባይን ይሻገሩ ነበር። ከጎጃም ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ አድዋ፣ ከአድዋም ወደ ምፅዋ ወራት የሚፈጅ ጉዞ ያደርጉ ነበር። ስለዚህ የምፅዋ በር ሲዘጋ የሚቸገረው የባሕር ዳርቻው ሰው ብቻ አልነበረም። ከወደቡ እጅግ ርቆ በጊቤ ማዶ የሚኖረው የቡና ነጋዴም የሸቀጡ ዋጋ ይወድቅበት ነበር። የጦር መሣሪያም ሆነ የውጭ ዕቃ የሚገባው በዚያው በር ነው። በሩን የያዘ ሰው የአገሪቱን ጉሮሮ ያዘ ማለት ነበር።

ራስ አሉላ መቀመጫቸውን በመጀመሪያ ዓዲ ተክላይ ላይ አደረጉ። በኋላም በ1876 ዓ.ም. ገደማ ወደ አሥመራ ተዛወሩ። በዚያን ጊዜ ትንሽ መንደር የነበረችው አሥመራ የራስ አሉላ ጦርና ግቢ ሲያርፍባት ሰፋች፤ ገበያዋም ደራ። ነጋዴው በሰላም እንዲያልፍ ሽፍታን ስለሚቀጡ፣ በእርሳቸው ዘመን መንገዱ የተጠበቀ ነበር። ነገር ግን አስተዳደራቸው ለሁሉም የተመቸ ነበር ለማለት አይቻልም። ብዙ ሠራዊት መመገብ ስለነበረባቸው በገበሬው ላይ የተጣለው ግብር ከባድ ነበር። የአገሩ ተወላጅ የሆኑት የሐማሴኑ ራስ ወልደ ሚካኤል ሰሎሞን ተይዘው ከታሰሩ በኋላም ቅሬታው በሕዝቡ ልብ ውስጥ ቀርቷል። በምዕራቡ ቆላ የሚኖሩት የኩናማና የናራ ሕዝቦች ከራስ አሉላ ዘመቻዎች ብዙ ጉዳት ደርሶባቸዋል። የታሪክ ሰው በሠራው መልካም ሥራ ሲመሰገን፣ ያደረሰው ጉዳትም ሊሸፈን አይገባም።

በ1876 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነገሩ ሁሉ የተስተካከለ መሰለ። በሱዳን የመህዲ ተከታዮች ተነሥተው የግብፅን ጦር በየምሽጉ ስለከበቡት፣ እንግሊዝ የኢትዮጵያን ርዳታ ፈለገች። በአድዋ በተፈረመው ውል መሠረት ዐፄ ዮሐንስ የተከበበው የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ሊረዱ፣ በምላሹም ግብፅ ይዛው የነበረው የቦጎስ አገር ሊመለስላቸው፣ በምፅዋ ወደብም የኢትዮጵያ ዕቃ ያለ ቀረጥ ሊተላለፍ ተስማሙ። ይህን ከባድ ሥራ በተግባር የፈጸሙት ራስ አሉላ ናቸው። የተከበቡትን ወታደሮች በየአቅጣጫው እያወጡ አሻገሩ። በመስከረም 1878 ዓ.ም. ደግሞ ኩፊት ላይ ከዑስማን ዲግና ጦር ጋር ገጥመው ድል አደረጉ። ድሉ ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም፤ ከታመኑ የጦር አለቆቻቸው አንዱ የነበሩት ብላታ ገብሩ ከብዙ ወታደሮች ጋር በዚያ ወደቁ።

ራስ አሉላ በምዕራብ ቃላቸውን ሲጠብቁ፣ በምሥራቅ ግን ውሉ ፈርሶ ነበር። በ1877 ዓ.ም. በጥር ወር መጨረሻ የኢጣሊያ የጦር መርከቦች በእንግሊዝ ፈቃድ ወደ ምፅዋ ደርሰው ወታደሮቻቸውን አወረዱ። የግብፅ ባንዲራ ወርዶ የኢጣሊያ ባንዲራ በቦታው ተተካ። ኢጣሊያኖቹ በመጀመሪያ በወዳጅነት የመጡ መስለው ታዩ። ቀስ በቀስ ግን ከወደቡ እየወጡ ወደ ደጋው የሚወስደውን መንገድ መያዝ ጀመሩ። ከምፅዋ በስተምዕራብ የምትገኘውንና የመጠጥ ውሃ ያለባትን ሰሐጢን ያዙ፤ በደቡብም ወደ ዊዓ ገቡ። የነፃ ንግዱ ስምምነት ተረሳ፤ የመሣሪያው መግቢያ ተዘጋ። ራስ አሉላ የልጅነት ሥራቸው በር መጠበቅ ነበርና፣ ይህ ወታደር እንግዳ እንዳልሆነ ወዲያው ተረዱ። በውሃ ጉድጓድ ዙሪያ ምሽግ የሚሠራ ጦር ለመኖር እንጂ ለመመለስ አለመምጣቱን አወቁ።

ራስ አሉላ አስቀድመው መልእክት ላኩ። ጦሩ ከሰሐጢና ከዊዓ እንዲወጣ፣ አለዚያ ግን ወዳጅነቱ እንደሚያበቃ አስታወቁ። በዚያው ሰሞን በካውንት ሳሊምቤኒ የሚመራ የኢጣሊያኖች ቡድን ወደ ደጋው ሲመጣ በአሥመራ ይዘው አሰሯቸው። የምፅዋው አዛዥ ግን ሰሐጢን ለመልቀቅ ፈቃደኛ አልሆነም። በ1879 ዓ.ም. በጥር ወር ራስ አሉላ ብዙ ሺህ ሠራዊታቸውን ይዘው ከአሥመራ ወደ ቆላው ወረዱ። በመጀመሪያው ቀን የሰሐጢን ምሽግ ቢያጠቁም አልሆነላቸውም። ከምሽግ ውስጥ የሚተኮሰው መድፍና ጠመንጃ ከወታደሮቻቸው ብዙውን ጣለ፤ የተረፉትም ወደ ኋላ ለመመለስ ተገደዱ።

በማግስቱ የሆነው ነገር ግን ሌላ ነው። ለሰሐጢ ምሽግ ስንቅና ጥይት የሚያደርስ ወደ 500 የሚሆን የኢጣሊያ ወታደር በሌተና ኮሎኔል ደ ክሪስቶፎሪስ መሪነት ከምፅዋ አቅጣጫ ተነሣ። ራስ አሉላ ይህን በቃፊሮቻቸው አማካይነት ሰሙ። የትናንቱ ሽንፈት ሳያስደነግጣቸው፣ ምሽጉን ትተው መንገዱን ያዙ። ዶጋሊ በተባለው ስፍራ የኢጣሊያው ጦር በሠራዊታቸው ተከበበ። ኢጣሊያኖቹ አንድ ጉብታ ላይ ወጥተው መከላከል ጀመሩ፤ መትረየሶቻቸው ግን ተበላሹባቸው፤ ጥይታቸውም አለቀ። ውጊያው በጎራዴና በጦር ተጨረሰ። ከ400 በላይ የሚሆኑት ከአዛዣቸው ጋር እዚያው ሞቱ፤ በሕይወት የተረፉት ቁስለኞች መቶ አይሞሉም ነበር። ከራስ አሉላ ወገንም በሁለቱ ቀናት ብዙ ሰው አልቋል። ዶጋሊ የኢትዮጵያ ጦር በቅኝ ግዛት ፈላጊ የአውሮፓ መንግሥት ላይ ካገኛቸው ታላላቅ ድሎች የመጀመሪያው ሆነ።

የዶጋሊ ወሬ ሮማ ሲደርስ ከተማይቱ ታወከች። የሞቱት ወታደሮች መታሰቢያ ተሠራላቸው፤ በሮማ የባቡር ጣቢያ አጠገብ የሚገኘው አደባባይም የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠራል። የኢጣሊያ መንግሥት ለበቀል ሲዘጋጅ፣ እንግሊዝ አስታራቂ ሆና በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ ጄራልድ ፖርታል የተባለ መልእክተኛ ላከች። መልእክተኛው ይዞት የመጣው ሐሳብ ግን ለዕርቅ የሚመች አልነበረም። ዐፄ ዮሐንስ በራስ አሉላ ሥራ ይቅርታ እንዲጠይቁ፣ ሰሐጢንና ዊዓን እንዲለቁ የሚል ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ በዚያው ዘመን በሌላ የዓለም ክፍል የሆነውን ማስተያየት ይጠቅማል። ጃፓን ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ከጥቂት ነጋዴዎች በቀር የውጭ ሰው ወደ ምድሯ እንዳይገባ ከልክላ ኖራ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1845 ዓ.ም. የአሜሪካ የጦር መርከቦች በወደቧ ቆመው በሯን እንድትከፍት አስገደዷት። ሳሙራይ የሚባሉት የጃፓን ባለሰይፍ ጭፍሮች ይህን እንደ ትልቅ ውርደት ቆጠሩት። በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ የሳትሱማ ሳሙራዮች በናማሙጊ መንደር ለጌታቸው አጀብ መንገድ አልለቀቀም ያሉትን እንግሊዛዊ ነጋዴ ገደሉ። በዚያው ዓመት መጨረሻም የእንግሊዝ መርከቦች ካጎሺማ የተባለችውን ከተማቸውን በመድፍ አቃጠሉ። በ1860 ዓ.ም. ደግሞ በሳካይ ወደብ የቶሳ ሳሙራዮች 11 የፈረንሳይ መርከበኞች ገደሉ። ፈረንሳይ ካሣና ቅጣት ስትጠይቅ የጃፓን መንግሥት ከመቀበል በቀር አማራጭ አልነበረውም። ሞት ከተፈረደባቸው 20 ሰዎች መካከል 11ዱ እንደ ባህላቸው በፈረንሳዮች ፊት ሆዳቸውን በገዛ እጃቸው ቀደው ሞቱ፤ የቀሩት ቅጣቱ ተለወጠላቸው። ይህ በሆነበት በ1860 ዓ.ም. ነው የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን የገደሉት።

እንግዲህ ዐፄ ዮሐንስ የተጠየቁት ነገር የጃፓን መንግሥት ከተጠየቀው ጋር የሚቀራረብ ነበር፤ በር የጠበቀውን የራስን ሰው ጥፋተኛ ማድረግ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን አልተቀበሉትም። ራስ አሉላ የወጉት በተሾሙበት ግዛት ውስጥ የገባውን ጦር ስለሆነ ጥፋት እንዳልሠሩ ለመልእክተኛው አስረዱ፤ ዕርቁም ሳይሆን ቀረ። ጃፓኖች በበኩላቸው ሰይፍ ብቻውን መርከብን እንደማያቆም ከደረሰባቸው መከራ ተምረው፣ መንግሥታቸውን አንድ አደረጉ፤ መርከብና መድፍ መሥራትን፣ ትምህርት ቤትና ፋብሪካ ማቋቋምን ተያያዙት። በኢትዮጵያ ግን በዚያን ጊዜ ለዚህ ፋታ የሚሰጥ ጎረቤትም፣ የአገር ውስጥ አንድነትም አልተገኘም።

ኢጣሊያ ወደ 20,000 የሚሆን ጦር ልካ ሰሐጢን እንደገና ያዘች፤ ከምፅዋ እስከ ሰሐጢም የባቡር ሐዲድ ዘረጋች። ዐፄ ዮሐንስ ከራስ አሉላ ጋር እጅግ ብዙ ሠራዊት አስከትለው በመጋቢት 1880 ዓ.ም. ከምሽጉ ፊት ለፊት ሰፈሩ። ኢጣሊያኖቹ ግን የዶጋሊን ትምህርት ስላልረሱ ከምሽጋቸው አልወጡም። የሠራዊቱ ስንቅ እያለቀ ሄደ፤ በሽታም ገባ። ከምዕራብ ደርቡሾች ጎንደርን ማቃጠላቸው ተሰማ፤ የሸዋውና የጎጃሙ ነገሥታትም ልባቸው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር አልነበረም። ስለዚህ ዐፄ ዮሐንስ ሳይዋጉ ተመለሱ። ራስ አሉላም ለዐሥር ዓመታት ያህል የጠበቁትን በር ትተው ከንጉሣቸው ጋር ወደ ሌላ ግንባር እንዲዘምቱ ሆነ።

በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ። ድል የመሰለው ውጊያ በአንድ ጥይት ተገለበጠ፤ ሠራዊቱም ተበተነ። ራስ አሉላ ከዚያ መዓት ተርፈው ወደ ትግራይ ተመለሱ። የንጉሡን ልጅ ራስ መንገሻን ደግፈው ቢቆሙም፣ መኳንንቱ እርስ በርሳቸው ተከፋፈሉ። በዚያው ዘመን የከብት በሽታና ረኀብ አገሩን አራቆተው። ዳግማዊ ምኒልክ በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር የውጫሌን ውል ተዋዋሉ። ኢጣሊያኖቹም በዚያው ዓመት ክረምት ያለ ብዙ ችግር አሥመራ ገቡ። ራስ አሉላ በጎራዴ ያስከበሩት ምድር በመከፋፈልና በረኀብ ምክንያት ጠፋ። ኢጣሊያም በ1882 ዓ.ም. ኤርትራ ብላ ሰይማ ቅኝ ግዛቷ አደረገችው።

ከዚህ በኋላ የነበሩት ዓመታት ለራስ አሉላ መራራ ነበሩ። ግዛት የሌላቸው ሹም፣ ጥቂት ጭፍራ የቀራቸው የጦር አለቃ ሆኑ። በመጨረሻ ግን ከድሮ ቂም ይልቅ የአገር ጉዳይ በለጠባቸው። በ1886 ዓ.ም. ራስ መንገሻና ተከታዮቻቸው አዲስ አበባ ድረስ መጥተው፣ እንደ አገሩ ልማድ ድንጋይ ተሸክመው ለዐፄ ምኒልክ ገቡ። ራስ አሉላም በዐፄ ምኒልክ ዘንድ ተቀመጡ። አንድ ጊዜ በሸዋ ላይ ተነሥተው የነበሩት ሰው አሁን ከሸዋ ንጉሠ ነገሥት አጠገብ ሆነው ስለ ጋራ ጠላታቸው መከሩ። የኢጣሊያንን የአዋጋግ ስልት፣ የሰሜኑንም ተራራና መንገድ ከእርሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የጦር አለቃ ጥቂት ነበር።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የአድዋ ጦርነት በተደረገ ጊዜ ራስ አሉላ ከአድዋ ከተማ በስተሰሜን በዓዲ አቡን በኩል ተሰልፈው ነበር። በዚያን ቀን ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሐረርና ከሌሎችም ግዛቶች የመጣው ሠራዊት በአንድነት ቆሞ የኢጣሊያን ጦር ድል መታው። ራስ አሉላ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በዶጋሊ ጥቂት ሺህ ሰው ይዘው የጀመሩት ተጋድሎ በአድዋ የመላው አገር ተጋድሎ ሆነ። ከድሉ በኋላ ራስ አሉላ የሸሸው ጠላት ፋታ ሳያገኝ ከመረብ ማዶ ድረስ እንዲከታተሉት ይፈልጉ እንደነበረ ይነገራል። ነገር ግን ሠራዊቱ ደክሞ፣ ስንቁም አልቆ ስለነበረ ዐፄ ምኒልክ ወደ ኋላ መመለስን መረጡ። በ1889 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ የኢትዮጵያን ነፃነት አወቀች፤ መረብ ምላሽ ግን በእጇ ቀረ።

ራስ አሉላ ከአድዋ በኋላ ብዙ አልቆዩም። የውጭ ጠላት ያልቻላቸው ሰው በወገን ጠብ ሞቱ። በ1889 ዓ.ም. ከተምቤኑ ገዥ ከራስ ሐጎስ ጋር ተጣልተው ውጊያ ገጠሙ። በውጊያው ራስ ሐጎስ ተገደሉ፤ ራስ አሉላም እግራቸውን በጥይት ተመቱ። ቁስሉ እየጸና ሄዶ በየካቲት ወር ዐረፉ። ከአድዋ ድል በኋላ ገና አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። በድኑም ከአድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም ተቀበረ። ዛሬ ስማቸው ከሚታወስባቸው ነገሮች አንዱ በመቀሌ የሚገኘው የአውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ በእርሳቸው ስም ይጠራልና።

የራስ አሉላ ሕይወት ብዙ ነገር ያስተምራል። በመጀመሪያ፣ ከዝቅተኛ ቤት መወለድ ለታላቅ ሥራ እንቅፋት እንደማይሆን ያሳያል። ሁለተኛም፣ አንድ ሰው የተሰጠውን ኃላፊነት፣ በር መጠበቅም ቢሆን፣ በሙሉ ልቡ ከያዘው ለአገር የሚተርፍ ሥራ እንደሚሠራ ያመለክታል። ከሁሉም በላይ ግን ሊታሰብበት የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ዶጋሊ ላይ የተገኘው ድል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፍሬ አልባ ሊሆን የቀረበው ጀግና ስለ ጠፋ አልነበረም፤ የአገሪቱ ገዥዎች ባለመስማማታቸውና ሕዝቡ በረኀብ በመዳከሙ ነበር። አድዋ ላይ የተገኘው ድል ግን የጸናው ቀድሞ የተለያዩት በአንድ ስፍራ ስለቆሙ ነው። ራስ አሉላ ሁለቱንም አይተው አልፈዋል። አንድ ጠባቂ ምንም ያህል ቢነቃ፣ በቤቱ ውስጥ ያሉት ካልተስማሙ በሩ አንድ ቀን መከፈቱ አይቀርም። ይህን መረዳት ደግሞ ለጦር አለቆች ብቻ የተተወ አይደለም፤ ዛሬ በትምህርት ቤት ላለው ወጣትም የሚገባ ቁም ነገር ነው።